ነጥቤ ተሻሽሏል ተባልኩ፤ አፌ ግን ያው ነው። እነዚህ መጠይቆች የሚለኩት ምንድን ነው?

ሌሊት ነቂ (ክሩን የጀመረ)

ጤና ይስጥልኝ። አንገቴ ላይ የጨረር ሕክምና ከወሰድኩ ወዲህ አፌ ደርቆ ቀርቷል። ለክትትል በሄድኩ ቁጥር አንድ መጠይቅ ይሰጡኛል፤ እሞላዋለሁ፤ ነጥቡ ይደመራል። በቅርቡ ሐኪሙ አዲሱን ነጥብ ከቀድሞው ጋር አስተያየና ፊቱ በራ፤ «የሕይወት ጥራትዎ ተሻሽሏል» አለኝ። በዚያው ቀጠሮ የምራቄ መጠንም ተለክቶ ነበር። እሱ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

መልሶቼን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሌሊት ውሃ ለመጠጣት እነሣ እንደሆነ ለሚጠይቀው ቀድሞ «በጣም ብዙ ጊዜ» ብዬ ነበር፤ አሁን «በጭራሽ» ብያለሁ። እውነቴን ነው፤ ጠርሙሱ ራስጌዬ ስላለ ተጋድሜ እጎነጫለሁ እንጂ አልነሣም። አፌን ለማርጠብ ከረሜላ እመጥ እንደሆነ ይጠይቃል። አልመጥም፤ የጥርስ ሐኪሜ «ጥርስዎን ሊጨርሰው ነው» ብሎ አስተወኝ። ደረቅ ምግብ መብላት ይከብደኝ እንደሆነም ይጠይቃል። ደረቅ ምግብ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ የማልበላው ነገር በምን ይከብደኛል? እያንዳንዱ መልስ እውነት ነው፤ ድምሩ ግን ውሸት ነው።

እነዚህን መጠይቆች በቅርብ የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ። ሐኪሙን ለመክሰስ አይደለም፤ የሚያየውን ቁጥር እንዲህ አድርጌ የሰጠሁት እኔው ነኝ። ግን ሌላ ምን ብዬ ልመልስ?

ቀጥተኛ

መጠይቁን ተወው። ምራቅ የሚፈስ ነገር ነው፤ የሚፈስ ነገር በሚሊሊትር ይለካል። ትኩሳት ያለበትን ሰው «ምን ያህል የሞቀህ ይመስልሃል?» ብሎ ጠይቆ መልሱን የሚደምር የለም፤ ቴርሞሜትር ይደረግለታል። ምራቅህ አልጨመረም? እንግዲያው አልተሻለህም። ጉዳዩ እዚህ ላይ ያልቃል።

የአፍ ሐኪም

ቀጥተኛ፣ ጉዳዩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ሥራችን በቀለለ ነበር። አያልቅም።

የአፍ ድርቀት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን የሚያጠቃልል ስም ሆኖ አስቸግሯል። አንደኛው ሰውየው የሚሰማው ድርቀት ነው። ሁለተኛው በመሣሪያ የሚለካው የምራቅ ማነስ ነው። አንዱ ካለ ሌላው አለ ማለት አይደለም። ምራቁ በጣም አንሶ ምንም የማይሰማው ሰው አለ፤ ምራቁ ልኩ ላይ ሆኖ አፉ እንደ ደረቀ የሚውልም አለ።

አለካኩ ይህን ይመስላል፦ ታማሚው ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ሳይበላ፣ ሳይጠጣና ሳያጨስ ቆይቶ ይቀመጣል፤ አንገቱን ትንሽ ደፋ አድርጎ ለ5 ወይም ለ15 ደቂቃ በአፉ የተጠራቀመውን ወደ ዕቃ ያፈሳል። ምንም ሳያኝክ የሚፈሰው በጤናማ ሰው በአማካይ በደቂቃ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሊትር ነው። ከ0.1 በታች ከሆነ ምራቅ አንሷል እንላለን። ሰም እያኘከ ሲሆን መጠኑ ብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ወሰኑም ሌላ ነው።

አሁን ችግሩን ተመልከቱ። ዶውስ የተባለ ተመራማሪ በ1987 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ባሳተመው ጥናት ሰው አፉ ደረቀብኝ የሚለው ምራቁ ከራሱ የቀድሞ መጠን በግማሽ ገደማ ሲቀንስ መሆኑን አሳየ። ከራሱ መጠን ነው፤ ከሰንጠረዡ አይደለም። በደቂቃ 0.6 የነበረው ሰው ወደ 0.25 ቢወርድ አፉ ይደርቅበታል፤ እኔ ግን ወረቀቴን አይቼ «ጤነኛ ነህ» ልለው እችላለሁ። ታማሚ ከመሆኑ በፊት ምራቁን የለካለት ማን አለ?

ክኒን በክኒን

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን የሚለኝ ሰው ሳጣ ቆይቻለሁ። እኔ ጨረር አልወሰድኩም፤ ለመንፈስ ጭንቀት፣ ለአለርጂ እና ለፊኛ የሚሰጡ መድኃኒቶችን አንድ ላይ እወስዳለሁ። ምራቄ ተለካ፤ «በልኩ ነው» ተባልኩ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ጭንቀቴ ተላከ። ምላሴ ላንቃዬ ላይ እየተጣበቀ ስናገር ከአፌ የሚወጣውን ድምፅ እኔ እሰማዋለሁ። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ በስልክ ማውራት ነው። ከሚሊሊትሩ ውስጥ ይህ የት አለ?

አስተባባሪ

ለሁሉም ማሳሰቢያ፦ አፍ ያደርቃል ተብሎ የተጠረጠረ መድኃኒት በራሳችሁ ውሳኔ አታቋርጡ። መጠኑን ወይም ዓይነቱን መቀየር ይቻል እንደሆነ ያዘዘላችሁን ሐኪም ጠይቁ። ውይይቱ ይቀጥል።

ቁጥር ቆጣሪ

የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በእነዚህ መጠይቆች ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ የማይፈልግ ይዝለለው።

ሌሊት ነቂ፣ የጠቀስካቸው ሦስቱም ጥያቄዎች ዜሮስቶሚያ ኢንቬንቶሪ ከሚባለው መጠይቅ ጋር ይገጥማሉ። ቶምሰን እና ባልደረቦቹ በ1999 ያሳተሙት ነው። 11 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ«በጭራሽ» እስከ «በጣም ብዙ ጊዜ» ከ1 እስከ 5 ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ11 እስከ 55 ይሆናል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ድርቀቱ ከፋ ማለት ነው። ልብ በል፣ ይህ የሕይወት ጥራት መጠይቅ አይደለም። የድርቀትን ክብደት ለመለካት የተሠራ ነው። እንዲያውም ከጥያቄዎቹ ሦስቱ ስለ ፊት ቆዳ፣ ስለ ዓይን እና ስለ አፍንጫ ውስጥ ድርቀት ናቸው። ሐኪምህ ነጥቡን አይቶ «የሕይወት ጥራት» ሲል መጠይቁ ያላለውን ነው ያናገረው። የሚገርመው ደግሞ በ2011 በወጣው ባለ 5 ጥያቄ አጭር ቅጂ ውስጥ አንተን ያሳሳቱህ የሌሊቱ ጥያቄ እና የከረሜላው ጥያቄ የሉም። የደረቅ ምግቡ ግን አለ።

የሕይወት ጥራትን ለመለካት ተብለው የተሠሩት ሌሎች ናቸው። በብዛት የሚታየው የአፍ ጤና ተፅዕኖ መጠይቅ ነው። ስሌድ እና ስፔንሰር በ1994 በ49 ጥያቄ አወጡት፤ ስሌድ በ1997 ወደ 14 አሳጠረው። ከበስተጀርባው ሎከር በ1988 ያቀረበው ሐሳብ አለ፦ የአካል ጉድለት ወደ መቸገር፣ መቸገሩ ከሰው ወደ መራቅ ይሄዳል የሚል መሰላል። ስለዚህ መጠይቁ ከመናገርና ከጣዕም ተነሥቶ በሕመም፣ በሐሳብ መያዝ፣ በኀፍረት አልፎ «ሕይወት በአጠቃላይ አላረካ አለኝ» እስከሚለው ይደርሳል። ጥሩ ነው። ጉዳቱ ግን የሚጠይቀው ስለ ጥርስ፣ ስለ አፍ እና ስለ ሰው ሠራሽ ጥርስ በአንድነት ስለሆነ ነጥቡን ያከፋው ድርቀቱ ይሁን የላላው ሰው ሠራሽ ጥርስ አይለይም።

ለአንተ ዓይነት ታማሚ የሚቀርበው በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2001 የወጣው የድርቀት የሕይወት ጥራት መጠይቅ ነው። 15 ጥያቄ፣ አራት ዘርፍ፦ አካላዊ ተግባር፣ ስሜት፣ ማኅበራዊ ኑሮ፣ ሕመምና ምቾት ማጣት።

ከዚህ ወዲያ ያሉት የጠቅላላ ጤና መጠይቆች ናቸው። ብዙ አገሮች የሕክምናን ዋጋና ጥቅም ለማመዛዘን የሚጠቀሙበት ኢኪው-ፋይቭዲ አምስት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ መንቀሳቀስ፣ ራስን መንከባከብ፣ የዘወትር ሥራ፣ ሕመም፣ ጭንቀት። አፉ እንደ ኮርቻ የደረቀ ሰው አምስቱንም «ችግር የለብኝም» ብሎ ሊሞላ ይችላል። በዚያ መዝገብ ላይ ሙሉ ጤነኛ ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ለየትኛው ሕክምና ገንዘብ ይመደብ የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደረስ የሚነበበው ያ መዝገብ ነው።

ሌሊት ነቂ

ተባረኪ። በሌላ ክፍል ደግሞ ለካንሰር ታማሚዎች የሚሰጥ ሌላ ቅጽ አስሞልተውኝ ነበር፤ እዚያ ስለ ድርቀት የተጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱስ?

ቁጥር ቆጣሪ

የአውሮፓ የካንሰር ምርምርና ሕክምና ድርጅት የራስና አንገት መጠይቅ ይመስለኛል፤ 35 ጥያቄ ያለው። ስለ አፍ ድርቀት አንድ፣ ስለ ተጣባቂ ምራቅ አንድ ጥያቄ አለው፤ ያለፈውን ሳምንት ነው የሚጠይቀው። እዚህ ላይ አንድ የሒሳብ ወጥመድ አለ። መልሱ አራት ምርጫ ብቻ ነው፦ ምንም፣ ትንሽ፣ በመጠኑ ብዙ፣ በጣም ብዙ። ይህ ወደ መቶኛ ሲቀየር 0፣ 33፣ 67 ወይም 100 ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰው ከ«በጣም ብዙ» ወደ «በመጠኑ ብዙ» ቢሸጋገር ነጥቡ በ33 ይዘላል። በዚህ ዓይነት መለኪያ ከ10 በላይ ለውጥ ለታማሚው ትርጉም አለው ሲባል የቆየ ልማድ አለ። ለብዙ ሰዎች አማካይ ይሠራል፤ ለአንድ ሰው ግን ወይ ምንም አይንቀሳቀስም ወይ ከልክ በላይ ይዘላል። በሁለቱ ምርጫዎች መካከል ያለ እውነተኛ መሻሻል የሚገባበት ቦታ የለውም።

ልጇ

እናቴ የሾግረን ሕመም አለባት። በ1933 ሕመሙን በመመረቂያ ጽሑፉ በዘረዘረው ስዊድናዊ የዓይን ሐኪም ስም ነው የሚጠራው፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን የእንባና የምራቅ እጢዎች ያጠቃል። ለእሷ የሚሰጣት መጠይቅ ሦስት መስመር ብቻ ነው፦ ድርቀት፣ ድካም፣ ሕመም፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 10፤ ከዚያ አማካዩ ይወሰዳል። ከ5 በታች ሆኖ ከተገኘ ሁኔታዋ ተቀባይነት ያለው ነው ይባላል።

እናቴ ሁልጊዜ 3፣ 3፣ 3 ትላለች። «ከእኔ የባሰ ስንት አለ» ትላለች። ግን ለልጅ ልጆቿ መጽሐፍ ጮክ ብላ ማንበብ አቁማለች፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ይዘጋል። እንግዳ ባለበት አትበላም፤ ቀድማ ትበላና ጠግቤያለሁ ትላለች። ሰው እንዳያይባት ነው፤ በየጉርሻው መሐል ውሃ መጎንጨቱ ያሳፍራታል። ለሐኪሟ ይህን ስነግረው ደነገጠ። 3 ብላ ስለሞላች ጠይቋት አያውቅም።

ክኒን በክኒን

እህቴ፣ የእናትሽ ታሪክ የእኔም ነው። እኔ መጠይቅ ሲሰጠኝ «በሰዎች መካከል መናገር ያሳፍርዎታል?» ከሚለው ፊት ብዙ እቆማለሁ። ያሳፍረኛል፤ ስለዚህ አልናገርም፤ ስለማልናገር ደግሞ ባለፈው ወር አላፈርኩም። ምኑን ልሙላ?

ቀጥተኛ

ተመልሻለሁ። ስለ ዶውስ የተባለውን ተቀብያለሁ፤ ሚሊሊትር ብቻውን አይበቃም። ነገር ግን ሁላችሁም አንድ ነገር እየዘለላችሁ ነው። ሌሊት ነቂ ጠርሙሱን ራስጌው ስላደረገ ከአልጋው አይወርድም፤ እንቅልፉ ያን ያህል አይቋረጥም። ይህ እኮ እውነተኛ መሻሻል ነው! ሰው ከችግሩ ጋር መኖር ሲለምድ ሕይወቱ በእርግጥ ይቀልለዋል። መጠይቁ ያንን ከያዘ ስሕተቱ የት ላይ ነው? ወይስ ታማሚ ሁልጊዜ እያማረረ መኖር አለበት?

ሌሊት ነቂ

ጥሩ ተከራከርክ፤ ግማሹን እሰጥሃለሁ። ጠርሙሱ ጠቅሞኛል። ከረሜላውና ደረቁ ምግብ ግን እንደዚያ አይደሉም፤ እነሱን አጣኋቸው እንጂ አልቀለሉኝም። ቅጹ ላይ ግን ያገኘሁትም ያጣሁትም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው ነጥቡን የሚገፉት። ቅሬታዬ ይህ ነው።

ቁጥር ቆጣሪ

እውነትም የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። መላ ማግኘት እና መተው በመጠይቁ ላይ አንድ መልክ አላቸው። ሁለቱም «በጭራሽ» ተብለው ይሞላሉ።

የእናቷ 3፣ 3፣ 3 ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ስፕራንገርስ እና ሽዋርትዝ በ1999 በደንብ አስቀምጠውታል፦ ሰው ሲታመም መለኪያው ራሱ ሊለወጥ ይችላል (ያኔ 7 ያለው ድርቀት ዛሬ 3 ይመስለዋል)፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ነገር ሊለወጥ ይችላል፤ ወይም ደህና መሆን ማለት ምን እንደሆነ ያለው አስተሳሰብ ሊለወጥ ይችላል። ይህን ለመያዝ ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ ዛሬ ላይ ሆኖ ያለፈውን እንደገና ማስመዘን ነው፦ «በዚያን ጊዜ የነበርክበትን ዛሬ ስታስበው ስንት ትሰጠዋለህ?» የዛሬው ነጥብ ከዚህኛው ጋር ይነጻጸራል እንጂ ያኔ ከሞላው ጋር አይደለም። ፍጹም ዘዴ አይደለም፤ ማስታወስ ራሱ ያታልላል።

ቀጥተኛ ላነሣው ጥያቄ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ መላመድ መሻሻል ነው፤ ግን የሕክምናው ውጤት አይደለም። አንድ መድኃኒት ወይም አንድ የጨረር ዘዴ ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ የተነሣ ሰው ሁለቱን ለይቶ መያዝ አለበት። ለዚህ ነው በጥናቶች ውስጥ ንጽጽር ቡድን የሚያስፈልገው፤ ሁለቱም ቡድኖች ይላመዳሉ፣ ልዩነቱ የሕክምናው ይሆናል። ሌሊት ነቂ፣ አንተ አንድ ሰው ነህ፤ ንጽጽር ቡድን የለህም።

የአፍ ሐኪም

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ በ2011 የታተመው ፓርስፖርት የተባለው የእንግሊዝ ጥናት ነው። የራስና አንገት ካንሰር ታማሚዎች በዕጣ ሁለት ቦታ ተከፈሉ፦ ግማሾቹ የተለመደውን ጨረር፣ ግማሾቹ ከጆሮ ሥር ያለውን የምራቅ እጢ እንዲቆጥብ የተስተካከለውን ጨረር ወሰዱ። ከ12 ወር በኋላ ጎላ ያለ የአፍ ድርቀት የነበረባቸው በመጀመሪያው ቡድን 74 በመቶ፣ በሁለተኛው 38 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ በምራቅ ፍሰትም በሕይወት ጥራት መጠይቆችም ታይቷል። ስለዚህ መጠይቆቹ ዓይናቸው የታወረ አይደለም። ትልቅ ልዩነት ሲኖር በቡድን ያያሉ። እኛ የምንሳሳተው ያንኑ ቁጥር አንድ ሰው ላይ ስናሳርፈው ነው።

ፒሎካርፒን የተባለውን መድኃኒትም አስቡት። የተረፈውን እጢ ቀስቅሶ ምራቅ ያስፈስሳል፤ ከእሱ ጋር ላብም ያስፈስሳል። ሚሊሊትር የሚለካ ሰው ተሳካ ይላል፤ ሸሚዙ በላብ የራሰ ታማሚ ግን ላይስማማ ይችላል። የድርቀት መጠይቅ ብቻ ከሞላም ላቡን የሚጠይቀው የለም።

እኔ በክፍሌ የማደርገውን ልንገራችሁ። አፉን አያለሁ፦ መስተዋቴ ጉንጩ ላይ ይጣበቃል? ምራቁ አረፋ ሆኗል? ምላሱ ተሰነጣጥቋል? በድዱ ጠርዝ በኩል አዲስ የተበላ ጥርስ አለ? ቻላኮምብ ያዘጋጀው ባለ 10 ምልክት መመዘኛ ለዚህ ይረዳኛል። ፍሰቱን ሁልጊዜ በቀኑ ተመሳሳይ ሰዓት ላይ እለካለሁ፤ ምራቅ ከሰዓት በኋላ ይበዛል፣ በእንቅልፍ ጊዜ ሊቆም ምንም አይቀረው፤ የጠዋቱን ከማታው ጋር ማስተያየት ከንቱ ነው። መጠይቁን አስሞላለሁ። ከዚያ በኋላ ነጥቡን ሳላይ «ምን ምን ተዉ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመኝ የዚህ መልስ ነው።

ቀጥተኛ

«ምን ተዉ» የሚለውን እንዴት ትደምረዋለህ? አንዱ ዘፈን ተወ፣ አንዱ ንባብ፣ አንዱ ስልክ። በነጥብ አይወጣም።

ቁጥር ቆጣሪ

አይደመርም፤ ሰውየው ከራሱ ጋር ግን ይነጻጸራል። ታማሚው ራሱ ዋጋ የሚሰጣቸውን ነገሮች መርጦ እነሱን ብቻ እየመዘነ የሚከታተልባቸው የአለካክ ዘዴዎች አሉ። ሁለት ታማሚዎችን ማወዳደር ያስቸግራል፤ ሌሊት ነቂን ከዛሬ ዓመቱ ሌሊት ነቂ ጋር ለማወዳደር ግን ከማንኛውም ይሻላል። ለምሳሌ «ሳልጠጣ ምን ያህል ማውራት እችላለሁ» ብለህ ከጻፍክ እሱን ነው የምትከታተለው። ጥያቄው «ይከብድሃል?» ከሚለው ይልቅ «ታደርገዋለህ?» ቢባል ደግሞ የተተወው ነገር ራሱን ያጋልጣል።

ሌሊት ነቂ

በሚቀጥለው ቀጠሮ ቅጹን እንደ ወትሮው እሞላለሁ፤ ከእያንዳንዱ «በጭራሽ» ጎን ግን «ስለተውኩት» ወይም «መላ ስላገኘሁለት» ብዬ እጽፋለሁ። ቦታ አለው ወይ የለውም የእነሱ ጣጣ ነው። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ከምርመራው በፊት ልሙላው ወይስ በኋላ?

ቁጥር ቆጣሪ

በፊት። «እጢዎ አላገገመም» የሚለውን ሰምቶ የሚሞላ ሰውና ሳይሰማ የሚሞላ ሰው አንድ ዓይነት አይመልሱም። ያለፈው የሞላኸውን ቅጂም ሳታይ ሙላ፤ ማየት ካማረህ ከጨረስክ በኋላ እየው። ደግሞ ቅጹ የሚጠይቀው ያለፈውን ሳምንት ነው ወይስ ወር፣ አናቱ ላይ አንብብ፤ ብዙ ሰው ያንን መስመር ዘልሎ ሕይወቱን በሙሉ ይሞላል።

ልጇ

እኔስ በእናቴ ፈንታ ብሞላላት ይቀበሉኛል? እሷ 3 ከማለት አትመለስም።

ቁጥር ቆጣሪ

በእሷ ፈንታ አትሙዪ፤ ለብቻሽ ሌላ ቅጽ ወስደሽ ሙዪ፤ ላዩ ላይ «በልጇ የተሞላ» ብለሽ ጻፊበት። ቤተሰብ የሚታየውን ነገር፣ ማለትም የምትበላውን፣ የምትናገረውን፣ የምትጠጣውን በደንብ ይመዘግባል፤ ስሜትን ግን ይስታል። ስለዚህ የኀፍረቱንና የሐሳቡን ጥያቄ ለእሷ ተዪላት። ሁለቱ ቅጾች የሚለያዩበትን ቦታ ለሐኪሟ አሳዪው፤ ንግግሩ ከዚያ ቢጀምር ይሻላል።